ምዕራፍ አራት፦ ከአርብ ገበያ እስከ አራት ኪሎ

ከታች ጋይንት ቆላማ ቀበሌዎች በአንዱ የሚኖሩ አንዲት እናት እናስብ። ስም አልሰጣቸውም፤ እሳቸውን የመሰሉ በስማዳም፣ በእስቴም፣ በላይ ጋይንትም አሉና። ባለቤታቸው ካረፉ ቆይተዋል። በሬ ስለሌላቸው ቁራሽ መሬታቸውን ለእኩል አራሽ ሰጥተዋል፤ የሚደርሳቸው እህል ከፋሲካ አያልፍም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በእነዚህ ወረዳዎች የሚሠራው የሴፍቲኔት መርሐ ግብር የታሰበው ለእንዲህ ያለ ቤት ነው። አንድ ቀን ግን ሕዝብ ተሰብስቦ የተመረጡት ሰዎች ዝርዝር ሲነበብ የእሳቸው ስም አልተጠራም።

እኒህ እናት አቤት ማለትን ማንም አያስተምራቸውም። የጋይንት ሰው ሙግት ያውቃል። «በሕግ አምላክ!» የተባለ እንደሆነ የተነሳ ዱላ እንኳ አየር ላይ ይቆም በነበረበት አገር ነው ያደጉት። የሚቸግራቸው አቤቱታውን ለማን እንደሚያቀርቡ ነው። ስማቸውን ላስቀረው ሰው? እሱማ አስቀድሞ ወስኗል። ለአለቃው? አለቃው የሥራ ባልደረባው ነው። ታዲያ ለማን?

የመንግሥት ሥልጣን ለምን እንደሚከፋፈል ለመረዳት ከዚህ ጥያቄ የተሻለ መነሻ የለም። መጻሕፍት ነገሩን የሚጀምሩት በ1748 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሐሳቡን በሰፊው ከጻፈው ከፈረንሳዊው ሞንቴስኪዩ ነው። እኛ ግን ከቀበሌ እንጀምርና ወደ ወረዳ፣ ወደ ባሕር ዳር፣ ከዚያም ወደ አራት ኪሎ እንውጣ። በመጨረሻም ወደ እኒህ እናት እንመለሳለን።

የሴፍቲኔቱ መርሐ ግብር ሲነደፍ አንድ ብልህ ነገር ገብቶበታል። ተጠቃሚዎችን የሚመርጠው ግብረ ኃይል ሌላ፣ ቅሬታ ሰሚው ኮሚቴ ሌላ እንዲሆን ተደርጓል። የመረጠ ሰው በምርጫው ላይ የቀረበውን ቅሬታ ራሱ እንዳይሰማ ነው። ቅሬታ ሰሚው ያልፈታው ጉዳይ ወደ ቀበሌው ምክር ቤት፣ ከዚያም ወደ ወረዳው ምክር ቤት ይሄዳል። ይህን አሠራር ያወጣው ሰው ስለ ሞንቴስኪዩ ለገበሬው መስበክ አላስፈለገውም። ያደረገው ሁለት ሥራ ለሁለት ሰው መስጠት ነው፤ የሥልጣን ክፍፍል የሚባለውም ይኸው ነው።

እድር የሚያውቀው ሕግ

በየሰፈሩ ያለ እድር ይህን ሕግ ኖሮበታል። ሰብሳቢ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ ገንዘብ ያዥ አለ። ገንዘቡን የሚይዘው ሰው ደብተሩን አይጽፍም፤ ደብተሩን የሚጽፈው ገንዘቡን አይዝም። ዓመቱ ሲያልቅ ሒሳቡን የሚመረምሩት ከሦስቱ ውጭ የተመረጡ ሰዎች ናቸው። ይህ የሆነው አባላቱ ገንዘብ ያዡን ሌባ ነው ብለው ስለሚጠረጥሩት አይደለም፤ ሐቀኛው ገንዘብ ያዥም ስሙ ከሐሜት የሚጠበቀው በዚሁ ነው።

በአገር ደረጃ ሦስቱ ሥራዎች ሕግ ማውጣት፣ ሕግ ማስፈጸምና ሕግ መተርጎም ይባላሉ። ሕግ አውጪው ምክር ቤቱ ነው። ሕግ አስፈጻሚው ከጠቅላይ ሚኒስትሩ እስከ ቀበሌ ሥራ አስኪያጅ ያለው የአስተዳደር መሥመር ነው። ሕግ ተርጓሚው ፍርድ ቤቱ ነው። ከሦስቱ አስፈጻሚው የበረታ ነው፤ ገንዘቡ፣ መኪናው፣ ፖሊሱና መረጃው በእጁ ነው። ምክር ቤቱ ግን በዓመት ጥቂት ጊዜ የሚሰበሰብ፣ አባላቱ ብዙ የሆኑ፣ ወሬውን የሚሰማው ከአስፈጻሚው ከራሱ የሆነ ጉባኤ ነው። ኮሚቴ ያስፈለገው ይህን ድክመት ለመሙላት ነው። አምስት መቶ ሰው አንድ ደረሰኝ ሊመረምር አይችልም፤ ዐሥራ አምስት ሰው ግን ይችላል።

ሥልጣን በአንድ እጅ በነበረ ጊዜ

አባቶቻችን «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይሉ ነበር። ይህ አባባል የዘመኑን ሕገ መንግሥት በአራት ቃል ይናገራል። ሕግ የሚያወጣው ንጉሡ፣ የሚያስፈጽመው ንጉሡ፣ በዙፋን ችሎት ተቀምጦ የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጠውም ንጉሡ ነበር። ከላይ የነበረው እንዲሁ ታች ይወርዳል፤ በየአጥቢያው ግብር የሚያስገባው ጭቃ ሹም ትንንሹን ነገርም ይዳኝ ነበር። በግብሩ የተበደለ ባላገር አቤት ሲል የሚያገኘው ያንኑ ሹም ወይም የሹሙን አለቃ ነው።

ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የተጻፈ ሕገ መንግሥት ያገኘችው ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ነው። ረቂቁን በማዘጋጀት የሚታወቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሲሆኑ፣ አርአያ የሆነው የጃፓኑ የሜጂ ሕገ መንግሥት ነበር። ሁለት ምክር ቤቶች ተቋቋሙ፤ የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ። የመምሪያው አባላት በሕዝብ አልተመረጡም፤ መኳንንቱና ሹማምንቱ ነበሩ የሚመርጧቸው። ሕዝቡ እንደራሴዎቹን በቀጥታ የመረጠው በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ከወጣ በኋላ ነው። ያኔ ጋይንት በበጌምድርና ሰሜን ጠቅላይ ግዛት ሥር አውራጃ ነበረች።

ያ ፓርላማ ደካማ ነበር ተብሎ ይታለፋል። ሁለት ነገሮች ግን ልናስታውስ ይገባል። አንደኛው፣ በደቡብ የነበሩ ጭሰኞችን ለመጠበቅ በመንግሥት የቀረበው የአከራይና ተከራይ ግንኙነት ረቂቅ ነው። ረቂቁ በፓርላማው ዓመታት ተጉላልቶ አብዮቱ እስኪፈነዳ ድረስ ሕግ ሳይሆን ቀረ። ከእንደራሴዎቹ ብዙዎቹ ራሳቸው ባለመሬቶች ነበሩ። ሕግ ማውጣት ሥልጣን እንደሆነ ሁሉ ሕግ ማዘግየትም ሥልጣን ነው።

ሁለተኛው የ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ነው። አዋጅ ቁጥር 255 በፓርላማ አልፎ ሲወጣ ከዓባይ ማዶ ያሉት የጎጃም ገበሬዎች አመፁ። ለእነሱ ነገሩ የግብር ብቻ አልነበረም፤ መሬታቸው ሲለካ ርስታቸው የሚነጠቅ መሰላቸው። መንግሥት ጦር ላከ፤ በመጨረሻ ግን ውዝፍ ግብር ምሮ አመፁን አበረደ። በስማዳና በእስቴ የነበረው ርስተኛም ይህን ሥጋት በሚገባ ያውቀው ነበር፤ የለያያቸው ወንዙ ነው እንጂ የርስት ሥርዓታቸው አንድ ነበርና። አዋጁ በአዲስ አበባ ሲጻፍ ርስት ምን እንደሆነ የሚያስረዱ ገበሬዎች ቀርበው ቢሰሙ ኖሮ ምናልባት ያ ሁሉ ደም ባልፈሰሰ። ዛሬ ኮሚቴዎች ረቂቅ ይዘው የሕዝብ መድረክ እንዲጠሩ የሚጠበቀው ለዚህ ነው።

ከዚያ የከፋውን ደግሞ በ1967 ዓ.ም. አየን። በ1966 ዓ.ም. ከፍተኛ ሹማምንትን የሚመረምር ኮሚሽን ተቋቁሞ ነበር፤ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም በሰብሳቢነት መርተውታል። የወሎውን ረሃብ ማን እንደደበቀ ጭምር ሰው እየጠራ፣ ሰነድ እያገላበጠ ይጠይቅ ነበር። ምርመራው ሳይቋጭ፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ስልሳ ያህል ባለሥልጣናትን ያለ ፍርድ ረሸነ። ሕግ የሚያወጣው፣ የሚያስፈጽመውና የሚፈርደው ያው አካል ነበር። መርማሪውን የሚሰማ፣ ተከሳሹን የሚያስጥል ሌላ በር አልነበረም። የዚያች ሌሊት ትምህርት ዛሬም ሕያው ነው፦ ጥፋተኛ እንኳ ቢሆኑ የጠየቃቸው አንድ፣ የፈረደባቸው ሌላ መሆን ነበረበት።

በወረዳው ያሉት ሦስት በሮች

አሁን የሚሠራው ሕገ መንግሥት የጸደቀው ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ነው። አንቀጽ 50 ለፌዴራሉም ለክልሎችም የየራሳቸውን ሕግ አውጪ፣ አስፈጻሚና ዳኝነት ሰጥቷል። ለታችኛው የአስተዳደር እርከን ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍበት በቂ ሥልጣን ይሰጠዋል ይላል። በአማራ ክልል በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምክር ቤቱንና አስተዳደሩን የሚመራው ያው አንድ ሰው ነበር። በ1994 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 59 ተሻሽሎ የወጣው የክልሉ ሕገ መንግሥት ይህን ለየ፤ ምክር ቤቱ የራሱ አፈ ጉባኤ ኖረው። ለውጡ የወንበር ለውጥ ይመስላል። ሆኖም ስብሰባ የሚጠራው፣ አጀንዳ የሚይዘው፣ የመናገር ዕድል የሚሰጠው ሰው ተጠያቂው ራሱ ከሆነ ጥያቄ የሚባል ነገር አይኖርም።

ዛሬ በእነዚህ ወረዳዎች ከተሞች፣ በነፋስ መውጫ፣ በአርብ ገበያ፣ በወገዳ ወይም በመካነ ኢየሱስ ወደ ወረዳ ጽሕፈት ቤት የሚሄድ ሰው ሦስት በር አለው። አንደኛው የወረዳው ምክር ቤት ነው፤ ከየቀበሌው የተመረጡ ሰዎች የተቀመጡበት፣ በአፈ ጉባኤ የሚመራ። ሁለተኛው የወረዳው አስተዳደር ምክር ቤት ነው። ስሙ ሰውን ያሳስታል፤ ምክር ቤት ቢባልም የአስተዳዳሪውና የጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች ጉባኤ፣ ማለትም አስፈጻሚው ነው። ሦስተኛው የወረዳው ፍርድ ቤት ነው። የወረዳ ዳኛን አስተዳዳሪው አይሾመውም፤ በዳኞች አስተዳደር ጉባኤ አቅራቢነት የሚሾመው ባሕር ዳር ያለው የክልሉ ምክር ቤት ነው። አስተዳዳሪው በዳኛው ፍርድ ቢናደድም ሊያነሳው አይችልም። ይህ ለገበሬው ትልቅ ዋስትና ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። የወረዳው ነገር ያልሆነለት ባለጉዳይ ቀጥሎ የሚሄደው ወደ ደብረ ታቦር፣ ወደ ደቡብ ጎንደር ዞን ነው። ዞኑ ግን የክልሉ አስፈጻሚ ቅርንጫፍ ነው፤ ሕዝብ የመረጠው ምክር ቤት የለውም። በአማራ ክልል የራሳቸው ምክር ቤት ያላቸው እንደ አዊና ዋግ ኽምራ ያሉት የብሔረሰብ አስተዳደሮች ናቸው። እንግዲህ ከጋይንት ደብረ ታቦር የሄደ ሰው ከአስፈጻሚ ወደ አስፈጻሚ ነው የሄደው። አቤቱታው እዚያ ሊፈታ ይችላል፤ አስፈጻሚውን ሊጠይቅ ሥልጣን ያለው ኮሚቴ ግን የሚገኘው ወይ እዚያው ወረዳው ላይ፣ ወይ ባሕር ዳር ነው።

የወረዳው ምክር ቤት እንደ ታላላቆቹ ቋሚ ኮሚቴዎች አሉት፤ በጀትና ፋይናንስን፣ ሕግና ፍትሕን፣ ማኅበራዊ ጉዳይን የሚከታተሉ። አባላቱ ገበሬዎች፣ መምህራን፣ የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው። ለዚህ ሥራ ብለው ደመወዝ የማይቆረጥላቸው፣ ከማሳቸውና ከክፍላቸው ሰዓት ቀንሰው የሚመጡ ናቸው። ሥራቸው ግን ቀላል አይደለም። ክልሉ ለወረዳው የሚልከው ጥቅል በጀት በየዘርፉ የሚደለደለው በእነሱ ምክር ቤት ነው። አብዛኛው ለደመወዝ ይውላል፤ የሚተርፈው ትንሽ ነው። ያ ትንሽ ገንዘብ ለጤና ጣቢያ መድኃኒት፣ ለትምህርት ቤት ጣራ ወይስ ለስብሰባ አበል ይዋል የሚለው ግን ሰው የሚያድን ወይም የሚጎዳ ውሳኔ ነው። የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። በጀቱ ሲቀርብ ኮሚቴው አስቀድሞ አላየው እንደሆነ ምክር ቤቱ የሚያጸድቀው የማያውቀውን ነገር ነው።

ረቂቅ አዋጅ እንዴት ሕግ ይሆናል

አሁን አራት ኪሎ ደርሰናል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 547 መቀመጫዎች አሉት፤ ከእነዚህ 138ቱ የአማራ ክልል ናቸው። አንቀጽ 54 እንደሚለው አባሉ የሚገዛው ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ነው። አንቀጽ 55 ደግሞ ለምክር ቤቱ ሁለት መሣሪያ ይሰጠዋል፦ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅና የአስፈጻሚውን አሠራር የመመርመር ሥልጣን፤ እንዲሁም ለሥራው የሚያስፈልጉትን ቋሚና ጊዜያዊ ኮሚቴዎች የማቋቋም ሥልጣን።

አንድ ሕግ ተከትለን እንሂድ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324 የ1997ቱን አዋጅ ቁጥር 456 ተክቷል። ከያዛቸው አዳዲስ ነገሮች አንዱ ገበሬው በመሬቱ የመጠቀም መብቱን ለብድር ዋስትና ማስያዝ መቻሉ ነው። ይህ ለላይ ጋይንት ገብስና ድንች አምራች ታላቅ ዕድልም ታላቅ አደጋም ሊሆን የሚችል ጉዳይ ነው። ሰብሉን ውርጭ ያነደደበት ገበሬ ዕዳውን መክፈል ካልቻለ፣ ልጆቹ የሚኖሩበት ማሳ ለዓመታት በሌላ እጅ ሊቆይ ይችላል።

እንዲህ ያለ ረቂቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚመነጨው ከሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው። ለተወካዮች ምክር ቤት ሲደርስ በመጀመሪያው ንባብ ጠቅላላ ይዘቱ ይቀርብና ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ይመራል፤ የእርሻ ነገር ከሆነ ለግብርና ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ዜና ላይ እምብዛም አይታይም። ኮሚቴው አንቀጹን በአንቀጽ ይቀመጥበታል። ያረቀቀውን መሥሪያ ቤት በአስረጂነት ይጠራል። ባለድርሻዎችን በመድረክ ያወያያል። የሚሻሻል ቃል ካለ ያሻሽላል፣ የሚሰረዝ ካለ ይሰርዛል፤ ከዚያ ሪፖርትና የውሳኔ ሐሳብ ይዞ ወደ ምክር ቤቱ ይመለሳል። በሁለተኛው ንባብ ድምፅ ይሰጣል። የጸደቀው አዋጅ ለፕሬዝዳንቱ ይላካል፤ በ15 ቀን ውስጥ ባይፈረም እንኳ በሥራ ላይ ይውላል። በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ይታተማል፤ በአማራ ክልል የወጣ ከሆነ ዝክረ ሕግ በተባለው ጋዜጣ።

ከዚህ ሁሉ ደረጃ ውስጥ ገበሬው ድምፁን ሊያሰማ የሚችለው በኮሚቴው ደረጃ ነው። ረቂቁ ከኮሚቴ ከወጣ በኋላ የሚቀረው እጅ ማውጣት ነው። ስለዚህ ኮሚቴ ሲዳከም የሚዳከመው ራሱ ሕዝቡ ነው።

ደብተሩን የሚያገላብጠው ኮሚቴ

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት ብዙ ጉዳት አድርሶብናል። ሥልጣን የመብያ ወንበር ነው ብሎ ትውልድ አስተምሯል። የዚህ ተረት መድኃኒት ስብከት ሳይሆን ደብተር ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 101 ዋና ኦዲተር እንዲኖር ያዛል። ዋና ኦዲተሩ የሚሾመው በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት በምክር ቤቱ ነው፤ የመሥሪያ ቤቶችን ሒሳብ መርምሮ ሪፖርት የሚያቀርበውም ለምክር ቤቱ ነው።

ኦዲተሩ ግን ጉድለቱን ያሳያል እንጂ ማንንም አይጠይቅም። የሚጠይቀው የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ነው። የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ከኮሚቴው ፊት ተቀምጦ፣ ኦዲተሩ በአጠገቡ እያለ፣ ያልተወራረደው ሒሳብ ለምን እንዳልተወራረደ ይጠየቃል። ከምክር ቤቱ ሥራዎች ሕዝቡ በጉጉት የሚከታተለው ይህን ነው፤ ሹም ሲጠየቅ ማየት ለእኛ አዲስ ነውና።

በእንግሊዝ አገር እንዲህ ያለው ኮሚቴ ከ1861 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ አለ፤ በልማድም የሚመራው ከተቃዋሚው ወገን የመጣ አባል ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የራሱን ፓርቲ ሚኒስትር ከልቡ የሚጠይቅ ሰው ማግኘት ይከብዳል። በእኛም አገር ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ከተደረገው 6ኛው ምርጫ በኋላ ይህን ኮሚቴ እንዲመሩ የተመረጡት የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄ አባል አቶ ክርስቲያን ታደለ ነበሩ። ገዥው ፓርቲ ብልጫ በያዘበት ምክር ቤት ይህ ጥሩ እርምጃ ነበር። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ ግን እኒሁ ሰብሳቢ ታሰሩ። አንቀጽ 54 የምክር ቤት አባል እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በቀር ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ አይያዝም ይላል፤ ያለመከሰስ መብታቸው በምክር ቤቱ የተነሳው ከወራት በኋላ ነው። በሰውየው የፖለቲካ አቋም መስማማት አለመስማማት ሌላ ነገር ነው። ያለመከሰስ መብት የተሰጠው ለሰውየው ምቾት አይደለም፤ ጠያቂው ተጠያቂውን ሳይፈራ እንዲጠይቅ ነው። ጥበቃው ሲላላ የሚፈሩት የቀሩት አባላት ሁሉ ናቸው።

አገር ሲጨንቅ

ሥልጣን ወደ አንድ እጅ የሚሰበሰበው በጭንቅ ጊዜ ነው። ጋይንት ይህን በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ድረስ ሲመጣ አይታዋለች። ቤቱ የነደደበት፣ ልጁ የተጎዳችበት ሰው ስለ ኮሚቴ ሊሰማ አይፈልግም ይሆናል። ሕገ መንግሥቱ ግን ለእንዲህ ያለው ጊዜም በር አበጅቷል። በአንቀጽ 93 መሠረት የአስቸኳይ ጊዜ የሚያውጀው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው። የተወካዮች ምክር ቤት በሥራ ላይ ከሆነ በ48 ሰዓት፣ ዕረፍት ላይ ከሆነ በ15 ቀን ውስጥ ሊቀርብለት ይገባል፤ ለመጽናትም የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልገዋል። ከዚያ ምክር ቤቱ ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድ ያቋቁማል፤ በአዋጁ የታሰሩትን ሰዎች ስም ይፋ የሚያደርግ፣ ኢሰብአዊ አያያዝ እንዳይኖር የሚከታተል።

ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ስድስት ወር ሳይሞላው የካቲት 8 ቀን በምክር ቤቱ ተነሳ። የ2015ቱ ደግሞ በአማራ ክልል ላይ ያተኮረ ሲሆን ነሐሴ 8 ቀን ጸድቆ ኋላ ለአራት ወር ተራዝሟል። የክልሉ ሰው ከዚህ የተማረው አንድ ነገር ነው፤ መርማሪ ቦርድ በወረቀት ላይ መኖሩ በቂ አይሆንም። ልጁ የታሰረበት ቤተሰብ የቦርዱን ስልክ ማወቅ፣ ቦርዱም እስር ቤቱ ድረስ መድረስ አለበት።

የጎደለው የቱ ጋ ነው

የእኛ ሥርዓት ፓርላሜንታዊ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከምክር ቤቱ አባላት መካከል ይመረጣል፤ መንግሥት የሚመሠርተው ብልጫ ያገኘው ወገን ነው። በአሜሪካ ሚኒስትር የሆነ ሰው የኮንግረስ ወንበር ይዞ መቀመጥ አይችልም፤ በእኛ ግን ይችላል። ስለዚህ በእኛ አገር አስፈጻሚውና ሕግ አውጪው በአንድ ፓርቲ ገመድ የታሰሩ ናቸው። በ2007ቱ ምርጫ ሁሉንም ወንበሮች ገዥው ግንባርና አጋሮቹ ሲይዙ ይህ ገመድ ይበልጥ ጠበቀ። በወረዳም እንደዚያው ነው፤ አስተዳዳሪው ከምክር ቤቱ አባላት መካከል ይመረጣል፣ የጽሕፈት ቤት ኃላፊዎችም ከአባላቱ መካከል ሊሆኑ ይችላሉ። ጠዋት ሪፖርት ያቀረበ ሰው ከሰዓት ሪፖርቱን ለማጽደቅ እጁን ያወጣል።

ሌላም ጉድለት አለ። ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው ፍርድ ቤት አይደለም፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ዐሥራ አንድ አባላት ያሉት የሕገ መንግሥት አጣሪ ጉባኤ ጉዳዩን መርምሮ ሐሳብ ያቀርባል፤ የመጨረሻው ውሳኔ ግን የፖለቲካ ተወካዮች የተቀመጡበት የዚያ ምክር ቤት ነው። ይህን የሚደግፉ ሰዎች ሕገ መንግሥቱ የሕዝቦች ስምምነት ስለሆነ በሕዝቦች ወኪሎች ይተርጎም ይላሉ። እኔ ግን ሙግት ሲነሳ ከተሟጋቾቹ የራቀ ዳኛ ያስፈልጋል ባይ ነኝ። እህል ቢያንቅ በውሃ ይውጧል፤ ውሃ ቢያንቅ በምን ይውጧል?

ይህም ሆኖ ተስፋ የሚቆረጥበት ነገር አይደለም። የካቲት 23 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ አንድም የተቃዋሚ ወንበር ባልነበረበት፣ በ2007ቱ ምርጫ በተቋቋመው የተወካዮች ምክር ቤት፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ለድምፅ ሲቀርብ 88 አባላት ተቃወሙ። አዋጁ አልፏል። ሆኖም እነዚያ እጆች ሲወጡ አገር አየ። ለኅሊናው የሚገዛ አባል በማንኛውም ፓርቲ ውስጥ ሊገኝ እንደሚችል ያ ቀን ምስክር ነው።

ወደ እኒያ እናት ስንመለስ

አሁን ወደ ታች ጋይንት እንመለስ። እኒያ እናት ምን ያድርጉ? መጀመሪያ ስማቸውን ወዳስቀረው ግብረ ኃይል ሳይሆን ወደ ቅሬታ ሰሚው ኮሚቴ ይሂዱ። ቅሬታቸው በጽሑፍ ይያዝ፤ ማንበብ ባይችሉ የሚማር ልጅ ይጻፍላቸው፣ ቀኑም ይመዝገብ። መልስ ካጡ የቀበሌያቸውን የምክር ቤት ተመራጭ ይፈልጉ። ተመራጩ ጉዳዩን ለወረዳው ምክር ቤት ማኅበራዊ ጉዳዮች ኮሚቴ ያድርስ። ኮሚቴው ደግሞ የጽሕፈት ቤቱን ኃላፊ ጠርቶ «የእኒህ እናት ስም ለምን ቀረ?» ብሎ ይጠይቅ። የቀሩት በስህተት ከሆነ ይስተካከላል፤ በአድልዎ ከሆነም አድልዎው ይጋለጣል።

አንባቢዬ፣ የምትኖረው ላይ ጋይንት ይሁን ስማዳ፣ እስቴ ይሁን አዲስ አበባ፣ ሦስት ነገር እለምንሃለሁ። የቀበሌህንና የወረዳህን ተመራጭ ስም እወቅ። በጀት ሲጸድቅ ወረዳህ በሰሌዳ ላይ እንዲለጥፈው ጠይቅ፤ ተለጥፎ ካየህ ደግሞ ቆመህ አንብበው። ኮሚቴ ወደ ሰፈርህ ለመስክ ምልከታ ሲመጣ ከአስተዳዳሪው ቀድመህ አንተ ተናገር። ሕገ መንግሥቱ ለኮሚቴው የመጠየቅ ሥልጣን ሰጥቶታል፤ ምን ብሎ እንደሚጠይቅ የሚነግረው ግን አንተ ነህ።